ማዘዣው ላይ «ባሪየም» ብቻ አትጻፉ

(ደሴ ላይ ለነርሶች፣ ለአዋላጆች፣ ለጤና ተማሪዎችና ለወላጆች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። በቃል ያልኩትን ብዙም አልነካካሁትም። ከተነሡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን መጨረሻ ላይ ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ይህን ብርድ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጦሳ ተራራ ዛሬም ጉሙን አላወለቀም። ሕፃን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ ከበሩ ራቅ ብላችሁ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ልጆቹ ቢያለቅሱም አትሳቀቁ። ሥራዬ ሕፃናትን በራጅ ማየት ነውና የሕፃን ለቅሶ ለእኔ የሥራ ቦታ ድምፅ ነው።

በአንድ ነጠላ ልጀምር።

አንዲት እናት ከቃሉ ወረዳ መጣች። ከሐርቡ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ በሚኒባስ ሃረጎን ወጥታ ደሴ ገባች። ልጇ 9 ቀኑ ነው። ወንድ ነው። በሰላም ተወልዶ ጡት በደንብ ይጠባ ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ያስመልሰዋል።

መንገድ ላይ ሁሉም የየራሱን ነገራት። አንዷ «ብርድ መትቶት ነው» አለቻት። ሌላው «መኪናው አዙሮት ነው፤ የሃረጎ ጠመዝማዛ እንኳን ጨቅላ ትልቁንም ያስመልሳል» አላት። እውነት ነው፣ ሃረጎ ያስመልሳል። ግን ልጁ ማስመለስ የጀመረው ቤቱ ነው፣ መኪና ሳያይ።

እኔ ዘንድ ስትደርስ በእጇ የራጅ ማዘዣ ይዛለች። ስም አለ፣ ዕድሜ አለ። ከዚያ አንድ ቃል፦ «ባሪየም»፣ አንጀት በራጅ እንዲታይ የሚሰጠው ነጭ ፈሳሽ። በቃ። ምን ተጠርጥሮ እንደሆነ የለም። ሆዱ ይነፋ አይነፋ የለም። የትውከቱ መልክ የለም።

«እህቴ፣ የሚያስመልሰው ምን ይመስላል?» አልኳት።

በቃል አልመለሰችልኝም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ዘረጋችልኝ። ነጩ ጨርቅ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው እድፍ አለ። ጠርዙ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። መሐሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ የጤና አዳም ቅጠል የታሸበት ይመስላል።

ወረቀቱ ያልነገረኝን ያ እድፍ ነገረኝ። አረንጓዴው ሐሞት ነው። ሐሞት አንጀት ውስጥ የሚፈስሰው ከጨጓራ በታች ነው። ወደ አፍ ከተመለሰ ከዚያ በታች መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ ሕጉ ይህ ነው፦ ጨቅላ ሕፃን አረንጓዴ ካስታወከ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አንጀቱ ተጠማዟል ብለን እንነሣለን። የተጠማዘዘ አንጀት ደግሞ ደም አያገኝም። በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ስለ ኮንትራስት፣ ማለትም አንጀት በራጅ እንዲታይ እንደ ባሪየም ስለሚሰጡ ነገሮች፣ ስናገር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው ነው ለሕፃን ደህናው?» ብሎ ነው። የአንዱን ጠርሙስ ስም እንድጠራለት ይጠብቃል። እኔ ግን ዓመታት ከሠራሁ በኋላ የደረስኩበት ነገር ሌላ ነው። ደህናውን ኮንትራስት የሚመርጠው ማዘዣው ላይ የሰፈረው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ከሌለ የትኛውም ጠርሙስ ሊጎዳ ይችላል። ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ በአንድ ላስረዳ።

ሆድ በራጅ ለምን አይታይም?

ራጅ አጥንትን ነጭ፣ አየርን ጥቁር አድርጎ ያሳያል። አንጀት፣ ጉበት፣ ደም፣ ወተት ግን ሁሉም ግራጫ ናቸው። ግራጫ በግራጫ ላይ ሲሆን ዓይን አይለየውም። ስለዚህ አንጀት ውስጥ ራጁን የሚያግድ ከባድ ነገር መግባት አለበት። እሱን ነው ኮንትራስት የምንለው።

ራጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው፣ ጀርመን አገር፣ በዊልሄልም ሮንትገን እጅ። በቀጣዩ ዓመት፣ እኛ ዐድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት መጨረሻ፣ ዋልተር ካነን የሚባል የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ ምግብ እንዴት እንደሚዋጥ በራጅ ለማየት ተነሣ። አንገቷ ረጅም ስለሆነ ዝይ መረጠ። ምግቡ እንዲታይ የቀላቀለው ቢስሙዝ የሚባል ከባድ ማዕድን ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው። ዛሬም የምንሠራው እሱን ነው።

ችግሩ በኋላ መጣ። ቢስሙዝ ሰብናይትሬት የተባለው ዓይነት ሰዎችን መረዘ፣ በተለይ ሕፃናትን። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይቱ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ልጁ ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን የማነሣው ለታሪክ ብዬ አይደለም። ለትልቅ ሰው ያልከበደ ነገር ሕፃንን ሊገድል እንደሚችል ሙያችን የተማረው ገና በጠዋቱ ነው። ያን ትምህርት መርሳት የለብንም።

እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ባሪየም ሰልፌት መጣና ቢስሙዝን ተካው።

ባሪየም

ባሪየም ነጭ ነው። ሲበጠበጥ ቀጭን የኖራ ውሃ ይመስላል። እናቶች «ወተት ነው?» ይሉኛል።

ባሪየም ራሱ መርዝ ነው። ሰልፌት ሲሆን ግን በውሃ አይሟሟም፣ ስለዚህ ወደ ደም አይገባም። በአፍ ይገባል፣ በታች ይወጣል። ደህንነቱ ያለው አለመሟሟቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብራዚል ውስጥ በሚሟሟ የባሪየም ዓይነት የተበከለ ምርት ለራጅ ተሰጥቶ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ለሕክምና የተዘጋጀና የታሸገ ካልሆነ፣ «ያው ባሪየም ነው» ተብሎ ከየትም አይመጣም።

ምስሉ ደግሞ ያምራል። የአንጀቱን እጥፋት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከአንጀት ውሃ አይስብም። አንጀቱ ያልተበሳ መሆኑ ከታወቀ ለሕፃንም ጥሩ ነው። ባሪየምን እንደ አሮጌ ነገር የሚያጣጥሉ ወጣት ሐኪሞች አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ጉዳቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ግን ከባድ ነው። አንጀት ከተበሳ ባሪየሙ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል። ያው የማይሟሟ ነውና እዚያው ይቀራል። ከሰገራ ጋር ተቀላቅሎ ሲፈስ ደግሞ ይብሳል። የሆድ ዕቃው ሽፋን ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ አንጀት ከአንጀት ይጣበቃል። ቀዶ ሐኪሙ ከፍቶ ቢያጥበውም ጨርሶ አይለቅለትም። ስለዚህ ቀዳዳ ከተጠረጠረ ባሪየም አይሰጥም። አሁን ወደዚያች ወረቀት ልመልሳችሁ። «ባሪየም» ብቻ ብሎ የላከኝ ሰው ቀዳዳ ይጠርጥር አይጠርጥር በምን አውቃለሁ?

ጋስትሮግራፊን፣ ቲማቲሙና ሦስቱ ሲኒ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሕፃን ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ጋ ነው።

በውሃ የሚሟሟ ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ነው። ከአንጀት ቢፈስስ እንኳ ሰውነት ይመጠዋል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። የመጀመሪያው ታዋቂ ጋስትሮግራፊን ነው። ብዙ ሰው «ውሃ ስለሆነ ለሕፃን ይሻላል» ብሎ ያስባል። አደጋው እዚህች ሐሳብ ውስጥ ነው ያለው።

እናቶች፣ ቲማቲም ከትፋችሁ ጨው ነስንሳችሁ አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ሳህኑ ውሃ አቁሯል። ማን ጨመረበት? ማንም። ጨው ውሃውን ከቲማቲሙ ውስጥ ጎትቶ አወጣው። ቋንጣም ቢሆን እንደዚያው ነው።

ጋስትሮግራፊን አንጀት ውስጥ ሲገባ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የመሳብ ኃይሉ የሚለካበት ቁጥር አለ፣ ኦስሞላሊቲ ይባላል። የደማችን 290 አካባቢ ነው። ያልተበረዘ ጋስትሮግራፊን ወደ 2000 ገደማ ነው፤ ከደም ከ6 እጥፍ በላይ። አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ውሃውን ከደም ይጎትታል።

ለትልቅ ሰው ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ሕፃኑን ግን አስቡት። የጨቅላ ደም በአንድ ኪሎ ክብደት 80 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 3 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ያለው ደም በሙሉ 240 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። በቡና ሲኒ ብትሰፍሩት ሦስት ሲኒ ያህል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የዚያ ልጅ ደም በቃ ያ ነው። ከዚያ ላይ አንድ ሲኒ ውሃ ወደ አንጀት ቢሸሽ ምን ይቀረዋል?

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ገና ሥራ ስጀምር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል፣ ሆዱ የተነፋ ጨቅላ መጣ። ጋስትሮግራፊን ሳይበረዝ ከጠርሙሱ እንዳለ ሰጠነው። ጉሉኮስ አልተሰካለትም ነበር። እኔም አልጠየቅኩም። ምስሉ ጥሩ ወጣ። ሁላችንም ተደስተን ስክሪኑን ስናይ ልጁን ያየች አንዲት ሲስተር ብቻ ነበረች። «እርግብግቢቱን እዩት» አለች። ጎድጉዷል። አናቱ ላይ የጣት ጫፍ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ሆኗል። ጨርቁ በውሃ ተነክሯል። እጁና እግሩ ቀዝቅዟል። የደም ሥር ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደወጋነው አልናገርም። ልጁ ተርፏል፣ ተመስገን። ያተረፈችው ግን ያቺ ሲስተር ናት። እኔ የዚያን ቀን ያየሁት ምስሉን ነው፣ እሷ ያየችው ልጁን።

ሌላም አለ። ልጁ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ቢገባ ያው መሳብ ሳንባ ውስጥ ይሆናል። ሳንባው ውሃ ይሞላል። ስለዚህ ትን ሊለው የሚችል ልጅ፣ ወይም ጉሮሮውና የአየር ቧንቧው መሐል ቀዳዳ የተጠረጠረበት ልጅ፣ ያልተበረዘ ጋስትሮግራፊን በአፉ ፈጽሞ አይሰጠውም።

ታዲያ ይጣል ወይ? አይጣልም። የመጀመሪያው ሰገራው እንደ ሙጫ ጠጥሮ አንጀቱን የዘጋበት ጨቅላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሄለን ኖብሌት የተባለች የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይህንኑ የመሳብ ኃይል ለመድኃኒትነት እንዴት እንደተጠቀመችበት ጽፋለች። በታች በኩል ሲሰጥ ውሃ ይስባል፣ ሙጫው ይረጥባል፣ ይንሸራተታል። አንዳንዱ ልጅ ከቀዶ ጥገና ይድናል። ግን ጉሉኮሱ አስቀድሞ ተሰክቶ፣ እየፈሰሰ፣ ቀዶ ሐኪሙ አጠገብ ቆሞ ነው።

ከባሕር የመጣው ሐሳብ

ቶርስተን አልሜን የሚባል የስዊድን የራዲዮሎጂ ሐኪም ነበር። በዚያን ጊዜ ኮንትራስት በደም ሥር ሲሰጥ በሽተኛው ያቃጥለው ነበር፣ ይጮኻል። አልሜን የዋና ትዝታው መጣበት። ጨው በበዛበት ባሕር ውስጥ ዓይን ሲገለጥ ይቆጠቁጣል። ጨው ባነሰበት በባልቲክ ግን እንደዚያ አይቆጠቁጥም። ሕመሙ የሚመጣው ከአዮዲኑ ሳይሆን ከመሳብ ኃይሉ ቢሆንስ ብሎ አሰበ። አዮዲኑን ሳይቀንስ የመሳብ ኃይሉን የሚቀንስ ሞለኪውል እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1969 ጽሑፉ ወጣ። ከዚያ ሜትሪዛማይድ መጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ ዛሬ ሁላችሁም የምታውቁት አዮሄክሶል፣ በንግድ ስሙ ኦምኒፓክ።

ሐይቅ ዳር ያደጋችሁ ልጆች ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰው ዓይኑን ውሃ ውስጥ ገልጦ ነው ስንት ሕፃን የሚተርፍበትን መንገድ ያሰበው።

አሁን ቁጥሮቹን እንያቸው። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው አዮዲን በሚሊግራም ነው። 300 የተጻፈበት አዮሄክሶል ኦስሞላሊቲው 670 አካባቢ ነው። 180 የተጻፈበት 410 አካባቢ። አዮዲክሳኖል የሚባለው ደግሞ ከደም ጋር እኩል 290 ነው። ወደ 2000 ከሚጠጋው ጋር ስታስተያዩት ሰማይና ምድር ነው። ሳንባ ቢገባ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። ሆድ ዕቃ ውስጥ ቢፈስስ ይመጠጣል። ለዚህ ነው ያለ ቀኑ ለተወለደ፣ ትን ሊለው ለሚችል፣ አንጀቱ ተበስቶ ሊሆን ለሚችል ጨቅላ ዛሬ ይህ ተመራጭ የሆነው።

ግን እባካችሁ ጠርሙሱን አንብቡ። 300 የሚለውም ቢሆን ከደም ከእጥፍ በላይ ነው። «ኦምኒፓክ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የትኛው ቁጥር? ተበርዟል? በምን ያህል? ስንት ሚሊ? ለጨቅላ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ቀስ እያሉ መስጠት ይቻላል። ሲጨረስም መልሶ መሳብ ይቻላል። ደግሞ ለብ ይበል። የደሴ ጠዋት ቁሩን ታውቁታላችሁ። መደርደሪያ ላይ ያደረ ጠርሙስ በረዶ ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ይቀመጥ። ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በቱቦውም በቀላሉ ይሄዳል፣ ልጁንም አያቀዘቅዘውም።

ልጁ ራሱ የዋጠው ኮንትራስት

ከሁሉም ያነሰ ጉዳት ያለው ኮንትራስት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አየር። በነፃ ነው። ልጁ ሲያለቅስ ራሱ ውጦታል።

ሲወለድ ጀምሮ አረፋ የሚደፍቅ፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ልጅ አለ። ጉሮሮው መሐል ላይ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ልጅ ኮንትራስት አጠጥታችሁ አትላኩልኝ። ቱቦ በአፉ አስገቡ፤ አልሄድ ብሎ ከተጠመጠመ ተራ ራጅ ይበቃል። ቱቦው ደረቱ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። ከታች ሆዱ ውስጥ አየር ካለ ደግሞ ከአየር ቧንቧ ጋር መገናኛ እንዳለ እናውቃለን።

ከጨጓራ ቀጥሎ ያለው አንጀት የተዘጋበት ልጅም እንደዚያው። ተራ ራጅ ላይ ሁለት የአየር ፊኛ ጎን ለጎን ይታያል፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። ምስሉ ተናግሯል። ኮንትራስት ምን ይጨምራል? ልጁን ማስታወክ ብቻ።

እናንተ እናቶች ከሁሉ በላይ ልታውቁት የምፈልገው ግን ሌላ በሽታ ነው። ልጁ አምስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ደህና የነበረ ልጅ ድንገት ይጮኻል፣ እግሩን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። ከዚያ ይተወዋል፣ ፈዘዝ ይላል። እንደገና ይጮኻል። በኋላ ደም የተቀላቀለበት ዝልግልግ ሰገራ ይወጣዋል። አንጀቱ እንደ ታጠፈ እጅጌ አንዱ ወደ ሌላው ገብቷል ማለት ነው። ድሮ ይህን በባሪየም ነበር የምንመልሰው። አሁን በታች በኩል በተለካ ግፊት አየር እየተነፋ፣ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ በጨው ውሃ ሊመለስ ይችላል። ግፊቱ ከ120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንዳይበልጥ ነው የሚሠራው። አንጀቱ ድንገት ቢበሳ እንኳ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገባው አየር ነው። ባሪየም ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው በጊዜ ለመጣ ልጅ ነው። ቀናት ያሳለፈ፣ ሆዱ የደነደነ ልጅ በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ነው የሚሄደው።

አልትራሳውንድም እዚሁ ይጠቀስ። ጨረር የለውም፣ ኮንትራስት አይፈልግም። የጨጓራ መውጫ የጠበበበትን ልጅ ዛሬ በእሱ ነው የምናየው። አንጀት ሲጠማዘዝም የደም ሥሮቹ ሲሽከረከሩ ሊያሳይ ይችላል።

ሰገራ ስለሚደርቅበት፣ ሲወለድ ጀምሮ ሆዱ ስለሚነፋ ልጅ አንድ ቃል ብቻ። ዴንማርካዊው ሐኪም ሂርሽስፕሩንግ እ.ኤ.አ. በ1886 የገለጸው በሽታ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በታች የሚሰጥ ባሪየም ጥሩ ነው፣ አንጀቱ ያበጠና የተቆጣ ካልሆነ። ግን አንጀቱን በታች በኩል አጥባችሁ አትላኩት፤ የምንፈልገውን ምልክት ይሸፍንብናል። በተለይ በንጹሕ የቧንቧ ውሃ አትጠቡት። ጨው የሌለበት ውሃ በብዛት ሲመጠጥ የደሙን ጨው ያቀጥነዋል፣ ልጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ወደ 9 ቀኑ ልጅ እንመለስ

ያ እድፍ ከታየ በኋላ ሥራው ተቀየረ። መጀመሪያ ኮንትራስት አላልንም። ጡት ቆመ። በአፍንጫው ቱቦ ገብቶ የጨጓራው አረንጓዴ ውሃ ተቀዳ። ጉሉኮስ ተሰካ። በጋቢ ተጠቀለለ። ቀዶ ሐኪሙ ተጠራ፤ ምስሉ ሳይነሣ፣ አስቀድሞ። ልጁ በጣም ደክሞ ሆዱ ደንድኖ ቢሆን ኖሮ ምስል ፍለጋ አንቆይም ነበር። በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው።

እሱ ግን ትንፋሹም ልቡም ደህና ነበር። ሆዱ ለስላሳ ነው። ተራ ራጁ ላይ የፈሰሰ አየር የለም። ስለዚህ የተበረዘ አዮሄክሶል፣ ለብ ያለ፣ በቱቦው፣ ጥቂት ሚሊ። የእርሳስ ሽርጤን አሠርኩ። እናትየዋም ለብሳ ጭንቅላቱን ያዘች።

የጤነኛ ልጅ አንጀት ከጨጓራ ወጥቶ ይዞራል፣ ከዚያ ከአከርካሪው በስተግራ ወደ ላይ ይመለሳል። ገና ማሕፀን ውስጥ እያለ 270 ዲግሪ ዞሮ ነው እዚያ ቦታ የሚቀመጠው። የዚህ ልጅ ግን ወደ ግራ አልተሻገረም። በስተቀኝ ቁልቁል ወረደ። እየቀጠነ፣ እየዞረ፣ እንደ ሃረጎ መንገድ ተጠማዞ። ሦስት ምስል አነሣሁ፤ አራተኛውን አላስፈለገኝም። ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ በጨረር ይጎዳልና ጥያቄው ከተመለሰ እግሬን ከፔዳሉ ላይ አነሣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1936 ቦስተን ላይ ዊልያም ላድ የገለጸው ቀዶ ጥገና አለ፣ እስከዛሬ በስሙ ነው የሚጠራው። ያን ዕለት ማታ ተሠራለት። አንጀቱ ጠቁሮ አልተገኘም። ሲፈታ ቀላ።

ከጥያቄዎቹ

አንዲት አያት ተነሡ። «ልጄ፣ ያ ነጩ ነገር ከልጁ ሆድ ይወጣል ወይ?» አሉ።

እማማ፣ ይወጣል። ሁለት ሦስት ቀን ሰገራው ነጣ ይላል። እንዳይደናገጡ። ጡት በደንብ ይጥባ። ሦስት ቀን አልፎት ምንም ካልወጣው፣ ወይም ሆዱ ከተነፋ ይዘውት ይምጡ።

አንዲት አዋላጅ፣ «አዮዲን እንቅርትን ይነካል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሕፃንስ?» አለች።

ጥሩ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 አስጠንቅቋል፤ በ2022 ደግሞ አዮዲን ያለው ኮንትራስት በደም ሥር የተሰጣቸው እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆች በ3 ሳምንት ውስጥ የታይሮይድ፣ ማለትም እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ፣ ምርመራ እንዲደረግላቸው መክሯል። በአንጀት የሚሰጠው ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው። አንጀቱ የቆሰለ ወይም ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ግን የበለጠ ሊመጥ ይችላል። ስለዚህ የተሰጠው ዓይነትና መጠን ካርዱ ላይ ይጻፍ። በኋላ ልጁ ቢፈዝ፣ ክብደት ባይጨምር ሐኪሙ እንዲያስታውስ።

ከጤና ጣቢያ የመጣ አንድ ነርስ፣ «አዮሄክሶል ከሌለስ? ቤተሰብ ከውጭ ግዙ ተብሎ ከአራዳ እስከ ቧንቧ ውሃ ፋርማሲ ሲዞር ያመሻል» አለ።

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፣ ይህ ነገር እኔንም ያመኛል። አባት ወረቀት ይዞ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲንከራተት ልጁ አልጋ ላይ ሰዓቱ ይነጉዳል። መልሴ ይህ ነው። ቀዳዳ ካልተጠረጠረ፣ ትን የማይለው ልጅ ከሆነ፣ በባሪየም ጥያቄውን መመለስ ይቻላል። መዞሩ ይቅር። አልትራሳውንድ የሚያነብ ካለ ከእሱ ይጀመር። ጋስትሮግራፊን ብቻ ካለ በሚያውቅ ሰው ተሰልቶ፣ ተበርዞ፣ ጉሉኮስ ተሰክቶ ነው፤ ለሚያስታውክ ጨቅላ በአፉ ለመስጠት ግን እኔ እጄን አላነሣም። ልጁ ከደከመ ምንም አይጠበቅ፣ ቀዶ ሐኪም ጋ ይድረስ። አንተ ጤና ጣቢያ ሆነህ ልትሠራ የምትችለው ደግሞ ትልቅ ነገር አለ። ስልክ ደውል። ሪፈሩ ላይ የትውከቱን ቀለም ጻፍ። እናትየዋ ጨርቁን እንዳታጥበው ንገራት፣ ይዛው ትምጣ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንዲት ተማሪ ነበር። ከኋላ ቆማ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛለች። «ማዘዣው ላይ ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ?» አለች።

ቾኩን ይዤ ሰሌዳው ላይ የዚያን ልጅ ማዘዣ እንደገና ጻፍኩት። እሷም ገለበጠችው፦

«ወንድ፣ 9 ቀኑ፣ 3 ኪሎ። በቀኑ የተወለደ። ከትናንት ማታ ጀምሮ አረንጓዴ ያስታውካል፣ 4 ጊዜ። ሆዱ ለስላሳ ነው፣ አልተነፋም። ሰገራው ደም የለውም። ትንፋሹ ደህና ነው፣ ትን አላለውም። ጡት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ቱቦና ጉሉኮስ አለው። ቀዶ ሐኪም አውቆታል። ጥያቄ፦ አንጀቱ ተጠማዟል ወይ?»